ከሉኪሚያ የዳነ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመለስ

ሰሞኑን ከወላጆች በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄ ከደም ካንሰር ድኗል፣ ግን ፈዘዘብኝ። ትምህርት አልገባው አለ።»

እኔም ቤት ያለው ይኸው ነው። ልጄ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን) ጨርሷል፣ ጸጉሩ በቅሏል፣ ኳስ ይጫወታል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ግን ግማሹን ሳይገለብጥ መምህሩ ያጠፋዋል። ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ብዬ ሱቅ ስልከው ጨው ብቻ ይዞ ይመጣል። ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ትንሽ ከታገሡት ግን መልሱን በትክክል ይናገራል። ይህን ልጅ ሰነፍ የሚለው ሰው ያንገበግበኛል።

ነገሩ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ነው። ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰሩ፣ አንጎል አካባቢ ስለሚደበቅ ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት በወገብ በኩል በመርፌ ይሰጣል። ሕይወት ያተርፋል፤ ነገር ግን የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙባቸውን የነርቭ መስመሮች ሊጎዳ ይችላል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭ ይነካል። የልጁ እርሳስ አያያዝና የእጅ ጽሑፍ ተበላሽቶ እንደሆነ በዚህ ሊሆን ይችላል።

ድሮ የባሰ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሜምፊስ፣ ሴንት ጁድ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ዶናልድ ፒንክል ከኬሞው ጋር ጭንቅላት ላይ ጨረር ጨምረው ግማሽ ያህሉን ልጆች ማዳን ቻሉ። ትልቅ ድል ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ ግን ብዙዎቹ በትምህርት ወደኋላ ቀሩ። ያው ሆስፒታል በ2009 (እ.ኤ.አ.) ጭንቅላት ላይ ጨረር ሳይሰጥ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ያለ ጨረር የታከሙትም ላይ ቢሆን ትኩረት ማጣት፣ ቶሎ መርሳትና ዝግ ማለት ይታያል፤ ሁሉም ላይ ባይሆንም። ገና ሕፃን ሳሉ የታከሙት ይበልጥ ይጋለጣሉ። አንዳንዶቹን ችግሩ አድገውም፣ ሥራ ይዘውም አይለቃቸውም።

እኛ አገር ልጁ ለሕክምና ብዙ ጊዜ ከትምህርት ስለሚርቅ «ያመለጠው ነው፣ አስጠኚ ቅጠሩለት» ይባላል። ማስጠናት ደግ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ይህ ልጅ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ትእዛዝ ሲጨርስ ሌላውን ንገሩት። ከፊት ይቀመጥ። ፈተና ላይ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠው።

የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀቱን አትጣሉ። በክትትል ቀን ሐኪሙን ለትምህርት ቤት የሚሆን ደብዳቤ ጠይቁና ትምህርት ሳይጀመር ለክፍል ኃላፊው በእጃችሁ ስጡ።