ወራጅ ሲጎዳ በየትኛው ኮድ ይመዘገባል?

«መኪናው ካልተጋጨ፣ ካልተገለበጠ ምኑ ነው የመኪና አደጋ? ሲወርድ ነው የወደቀው።» ይህ አባባል ከሾፌርም ከረዳትም፣ አልፎ አልፎ ከጤና ተቋም ካርድ ክፍልም ይሰማል። ሌላም በሞባይል የሚዘዋወር ወሬ አለ፦ ፈረንጆች ኤሊ ለመታው ሰው ሳይቀር የሕክምና ኮድ አላቸው፣ ከመኪና ሲወርድ ለተጎዳም እንደዚሁ፤ ሥራ ፈቶች ናቸው ይባላል። ሁለቱም መታረም አለባቸው፤ የመጀመሪያው ግን ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው።

የኤሊውን ቶሎ እንለፈው። ኮዱ በእርግጥ አለ። ያለው ግን አሜሪካኖች ለራሳቸው አስፍተው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሚሠሩበት፣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ኮዶች ባሉት ቅጂ ውስጥ ነው። ከመኪና ሲወርዱ ወይም ሲሳፈሩ መጎዳት ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገር ያዘጋጀው የበሽታና የጉዳት ምድብ (አይሲዲ) አካል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዘጠነኛ እትም እንኳ «ኢ 817» የተባለ የራሱ ቁጥር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው አሥረኛው እትም፣ ማለትም አይሲዲ 10፣ ይበልጥ አብራራው።

እያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ኮድ ይገባዋል። አንዱ የተጎዳውን አካል ይናገራል፤ «ኤስ 82» ለምሳሌ የቅልጥም ስብራት ነው፣ ቁርጭምጭሚትንም ይጨምራል። ሌላው ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ይናገራል፤ የመጓጓዣ አደጋ ከሆነ «ቪ» በሚለው ፊደል ይጀምራል። ተጎጂው ከሞተ በሞት መዝገብ ላይ እንደ ዋና ምክንያት የሚቆጠረው ይኸው ሁለተኛው ነው።

የ«ቪ» ኮድ እንደ አድራሻ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሄዳል። የመጀመሪያው አኃዝ ተሽከርካሪውን ይነግረናል፦ በ30ዎቹ ባጃጅ፣ በ40ዎቹ የቤት መኪና፣ በ50ዎቹ ፒክአፕ፣ በ60ዎቹ ከባድ የጭነት መኪና፣ በ70ዎቹ አውቶቡስ። ቀጣዩ አኃዝ ከምን ጋር እንደተጋጨ ይናገራል፤ 8 ከሆነ ግጭት የለም ማለት ነው። ከነጥብ በኋላ የምትመጣው አኃዝ ደግሞ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ምን ላይ እንደነበር ትገልጻለች፦ ሲነዳ፣ ተሳፍሮ፣ ከውጭ ተንጠልጥሎ ወይስ ሲሳፈርና ሲወርድ? የመጨረሻው ቁጥሩ 4 ነው። ስለዚህ «ቪ 48.4» ሲነበብ፦ የመኪና ተሳፋሪ ወይም አሽከርካሪ፣ ያለ ግጭት፣ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ ተጎዳ። «ካልተጋጨ አደጋ አይደለም» ለሚለው ክርክር መልሱ ይህ ነው፤ ምድቡ ግጭት ለሌለበት አደጋ ቦታ ያዘጋጀው ገና ከመነሻው ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። «ወራጅ አለ!» ተብሎ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተሳፋሪው እግሩን መሬት አደረገ። እግሩ ይቆማል፤ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ግን በመኪናው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ከሚይዘው ጋር እኩል ነው። 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ ሦስት ሜትር ተኩል። የለመዱ ረዳቶች ፊታቸውን መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙረው ጥቂት እየሮጡ የሚወርዱት ለዚህ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚወርድ ሰው ግን ወደ ኋላ ተገልብጦ ማጅራቱን ይመታል።

በመተማና በቋራ ቆላ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሰሊጥ ወቅት ሳሉጉ፣ ማለትም የወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ ወደ እርሻው የሚሄደው በአብዛኛው በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ ነው። ተሳቢው ደረጃ የለውም። ማሳው ዳር ሲደርስ ትራክተሩ ሳይቆም የሚዘል ወጣት አለ፤ በትራክተሩና በተሳቢው መካከል ከወረደ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው የተሳቢው ጎማ ነው። ለዚህም ኮድ አለው፦ «ቪ 84.4»፣ ከእርሻ ተሽከርካሪ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ የተጎዳ። ትራክተር ከነተሳቢው በዚህ ምድብ ውስጥ በግልጽ ተካቷል፤ አደጋው መንገድ ላይ ሆነ ማሳ ውስጥ ለውጥ አያመጣም። ትራክተሩ ቆሞ በማሽንነት እየሠራ ከነበረ ግን ወደ ሌላ ምድብ፣ ወደ «ደብሊው 30» ይሄዳል።

የካርድ ክፍል ሠራተኞች የሚሳሳቱበት ቦታም አለ፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። በሞተር ሳይክል ኮዶች ሲሳፈርና ሲወርድ የተጎዳ 3 እንጂ 4 አይደለም፤ እዚያ 4 ማለት መንገድ ላይ የተጎዳ አሽከርካሪ ነው። «ቪ 49.4»ም ስለ አሽከርካሪ እንጂ ስለ ወራጅ አይናገርም። ሚኒባስን ምድቡ ከመኪና ጋር ያስቀምጠዋል፤ አውቶቡስ የሚለው ደግሞ ከ10 ሰው በላይ ለመጫን የተሠራውን ነው። 12 ሰው የሚጭነው የእኛ ታክሲ ከሁለቱ የትኛው ነው? ባለሙያዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ በእኔ እምነት አንድ ተቋም አንዱን መርጦ ሳይለዋውጥ መያዙ ይበልጣል። ይቺ የምደግፋት 4 ቁጥር ራሷም የምትደብቀው ነገር አለ። መሳፈርንና መውረድን አትለይም፤ አሽከርካሪ ይሁን ተሳፋሪ አትነግረንም። መውረድ የሚያበቃው የት ላይ እንደሆነም አከራካሪ ነው፦ ሁለት እግሩ መሬት ረግጦ አንድ እርምጃ ከሄደ በኋላ ሌላ መኪና የገጨው ሰው ለእኔ እግረኛ ነው፤ በሩን እንደያዘ ከሆነ ግን አሁንም ወራጅ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ግን ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው። «ወደቀ» ብቻ ከተጻፈ ኮዱ «ደብሊው 19»፣ ምክንያቱ ያልተገለጸ መውደቅ፣ ይሆናል። ከተሳቢው የዘለለው ያ ወጣት ከየት እንደወደቁ ካልተጻፈላቸው አዛውንት ጋር አንድ ረድፍ ላይ ይቆጠራል፤ ተሳቢው ደረጃ እንደሌለው፣ ሾፌሩም እንዳላቆመ ከመዝገቡ ይጠፋል። ተቋማቱ ወደ ላይ የሚልኩት ሪፖርት በአጭር ዝርዝር የተጠቃለለ ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ ያልሰፈረውን በኋላ የሚያገኘው የለም።

አንድ ፍርሃት ደግሞ መወገድ አለበት። ኮዱ ካሳ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የደነገገው የትኛው ቁጥር ተጻፈ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ «ወደቀ እንበል፣ ነገር እንዳይበዛ» ማለት የለበትም። ተጎጂውን የሚቀበለው ባለሙያ ሦስት ነገር ጠይቆ ይጻፍ፦ ተሽከርካሪው ምን ነበር? ይንቀሳቀስ ነበር? ሰውየው እየወጣ ነበር ወይስ እየወረደ? ሦስተኛውን አይሲዲ 10 አይለየውም፤ ካርዱ ላይ ግን ይኑር፤ የተሳቢ ደረጃ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።