የሚሞላና የሚረታ እጅ፦ በአነስተኛ ውርርድ የኦማሃ ፖከር ስሌትና የፎገራ ሽንኩርት

በገበጣ ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠሮቹን ሁሉ ያያሉ። በካርታ ግን የተፎካካሪ እጅ ስለማይታይ ቆጠራ ብቻውን አይበቃም። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ፖከርን መተንተናቸው ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ኦማሃ የተባለውን የፖከር ዓይነት፣ በተለይም የውርርዱ መጠን አስቀድሞ የተወሰነና አነስተኛ የሆነበትን ይመለከታል።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በየደረጃው በገበታው ላይ ለሁሉም ይገለጣል። አሸናፊው የሚለየው በአምስት ካርታ ጥምረት ሲሆን፣ በትክክል ሁለቱ ከእጅ፣ ሦስቱ ከገበታ መሆን አለባቸው። ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አራቱም የእጅ ካርታዎች የልብ ምልክት ቢኖራቸው የሚያገለግሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ከገበታ ሊመጡ ይችሉ የነበሩ ልቦችን ያጎድላሉ። ከአራት ካርታ ስድስት ጥንዶች ይወጣሉ፤ አንዱ ካርታ ከሌሎቹ ጋር ካልተዛመደ ግን የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር አንድ ባይተዋር ካርታ የእጁን ግማሽ ይወስዳል።

ውርርዱ አነስተኛ ሲሆን መቀጠል ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይቆያሉ፤ በማስፈራራት ማስወጣትም አይቻልም። ስለዚህ እጅ የመሙላቱን ዕድል ማስላት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሲሞላ ከሁሉ የበላይ መሆኑ ለብቻው መመዘን አለበት።

አንድ ተጫዋች በእጁ ሁለት ልብ አለው፣ በገበታው ላይ ከተገለጡት አራት ካርታዎችም ሁለቱ ልብ ናቸው እንበል። ካላያቸው 44 ካርታዎች 9ኙ ልብ ናቸው። በመካከል 24 ብር ተከማችቷል፤ ለመቀጠል 4 ብር ይጠየቃል። ልብ ከወጣ በመጨረሻው ዙር ከአንድ ተፎካካሪ ጋር ሌላ 4 ብር ይወራረዳል። በእጁ የልብ አስ ካለና ሲሞላለት ሁልጊዜ ይረታል ብለን ብንወስድ፣ አማካይ ትርፉ (9×28 − 35×4) ÷ 44፣ ማለትም 2.55 ብር ገደማ ነው። ልቦቹ ዝቅተኛ ሆነው ሲሞላለት ከሦስት አንዴ የሚሸነፍ ከሆነ ግን (6×28 − 35×4 − 3×8) ÷ 44፣ 9 ሳንቲም ብቻ ይቀራል። አጫዋቹ ቤት ከአሸናፊው 1 ብር ቢወስድ ይህችም ወደ 5 ሳንቲም ኪሳራ ትለወጣለች፤ የአሱ ባለቤት ግን አሁንም 2.34 ብር ያተርፋል። የመሙላቱ ዕድል ግን በሁለቱም አንድ ነው።

በፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ እየሳበ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬም ተመሳሳይ ውሳኔ ይገጥመዋል። (ለቁማሩም ለችግኙም «መደብ» ማለታችን መልካም አጋጣሚ ነው።) ዘር፣ ችግኝ ማዛወር፣ የፓምፕ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፦ እያንዳንዱ ለመቀጠል የሚከፈል ውርርድ ነው። የወንዙ መጠን ለሁሉም የተገለጠ ካርታ ነው፤ ሌሎች ስንት ጥማድ እንደተከሉ ግን ተሰውሯል። ማሳው ያማረለት ገበሬ፣ ሁሉም አምርተው በወረታ ገበያ ዋጋው ቢወድቅ፣ ሞልቶ የተረታ እጅ ይዟል። በፖከር የአንዱ ኪሳራ የሌላው ትርፍ ነው፤ እዚህ ግን አምራቾቹ በአንድነት ሊከስሩ ይችላሉ።

በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ የወጣ ገንዘብ ከስሌቱ ውጪ ነው። ከላይ ባለው ቀመር ተጫዋቹ ከ24ቱ ብር ስንቱን እንዳዋጣ አልተጠየቀም፤ የሽንኩርቱ ዋጋ የመንቀያና የማጓጓዣ ወጪን የማይሸፍን ከሆነም የነዳጁ ወጪ ለመንቀል ምክንያት አይሆንም። ንጽጽሩ የሚላላው በድግግሞሽ ረገድ ነው። 2.55 ብር የሚጨበጠው እጁ በሺዎች ጊዜ ሲደገም ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚተክል ቤተሰብ ከአማካዩ ይልቅ የከፋው ውጤት መጠን ሊመዘን ይገባል።