በረዶው ሲቀልጥ ተጠያቂው ማን ነው?

ግንቦት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰሜን ሩሲያ ኖሪልስክ ከተማ፣ የአንድ ኃይል ማመንጫ የናፍጣ ማጠራቀሚያ ታንከር የቆመባቸው ምሰሶዎች ሰመጡ። ከ20 ሺሕ ቶን በላይ ናፍጣ ፈሰሰ፤ አብዛኛውም ወንዝ ገባ። የታንከሩ ባለቤት እናት ኩባንያ ኖሪልስክ ኒኬል በምክንያትነት ያነሳው የመሬቱን በረዶ መቅለጥ ነበር። እኔ ግን ሕግ እንደተማረ ሰው «ተፈጥሮ ነው» የሚለውን መልስ በቀላሉ አልቀበልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩሲያ ግዛት ከግማሽ በላይ በሚሆነው ክፍል መሬቱ ከሥር በጋ ከክረምት በረዶ ነው። በሞቃቱ ወራት የሚቀልጠው የላይኛው ንጣፍ ብቻ ነው። በረዶ የያዘ አፈር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሲቀልጥ ግን ጭቃ ሆኖ ይሰምጣል። ችግሩን የሚያመጣው ደግሞ ቤቱ ራሱ ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት ይሞቃል፣ ሙቀቱም ወደ መሠረቱ ይወርዳል።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ የሚጥሩት በረዶውን ለማስወገድ ሳይሆን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው። መሬቱን በጥልቀት ቦርቡረው የኮንክሪት ምሰሶ ይተክላሉ፣ ዙሪያውን በጭቃ ይሞሉታል፤ ጭቃው ሲቀዘቅዝ ምሰሶውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቤቱም ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራል፣ የክረምቱ ብርድ ከሥሩ እንዲያልፍ። በአላስካው የነዳጅ ቧንቧ ላይ ደግሞ ሙቀትን ከመሬት ወደ አየር የሚያወጡ፣ አሞኒያ የያዙ ቱቦዎች በምሰሶዎቹ ውስጥ ገብተዋል።

ልብ ማለት የሚገባን ግን አንድ ነገር አለ። ምሰሶው የሚሸከመው ክብደት የሚቀንሰው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ብቻ አይደለም። መሬቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር ገና ሳይቀልጥ መያዣው ይላላል። ይህ ደግሞ በድንገት የሚመጣ ሳይሆን ቴርሞሜትር ቀብሮ ከዓመት ዓመት ሊለካ የሚችል ነው። ከሥር የሚፈስ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ወይም ያልተጠረገ የበረዶ ክምር እንኳ ያባብሰዋል።

በሕግ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚባለው አስቀድሞ ሊታይ የማይችል ነገር ነው። የሚለካ ነገር ግን ይታያል። በጥር 2013 ዓ.ም. የክራስኖያርስክ ፍርድ ቤት የኩባንያው ቅርንጫፍ 146 ቢሊዮን ሩብል ገደማ እንዲከፍል ሲወስን ጉዳቱ የተፈጥሮ ዕዳ ሆኖ አልቀረም። እንደ እኔ እምነት ተገቢ ነው። ዓለም እየሞቀች መሆኑን እያወቀ የድሮ መሠረቱን ያልለካ ባለቤት፣ በበረዶው ሊያሳብብ አይገባውም።