«ፍሬኑን እኮ ረግጬዋለሁ!»

አክስቴ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተዘርራ፣ የግራ እጇን አንጓ በቀኝ እጇ ይዛ መጀመሪያ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እውነቷን ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ የአራቱም ጎማዎች ፍሬን ተረግጧል። መወጣጫውን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ከኮምፖርሳቶ ቆርጬ፣ ባለፍሬን ጎማ ገጥሜ፣ ቀለም ቀብቼ ሳስረክባት መርቃኛለች። ከካቢኔቱ አናት ረከቦት ላውርድ ብላ ወጣች፣ እጇ 6 ሳምንት ጀሶ ውስጥ ከረመ።

ጎማ ስላለው መወጣጫ ከሚወራው ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ አንዱ ነው፦ «ፍሬን ያለው ጎማ ግጠምለት፣ ንቅንቅ አይልም።» በየስልካችን የሚዞሩት የእጅ ሥራ ቪዲዮዎች ይህንን እየሳቁ ያስተምራሉ። ሠርቶ ሲጨርስ ሴራሚክ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እግሩ ወጥቶ፣ ወደ ላይ ተንጠራርቶ ያሳየኝ ግን አንድም አላጋጠመኝም።

ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። ባለፍሬን ጎማ ጠረጴዛን ያቆማል፣ የዕቃ ጋሪንም ያቆማል። ጠረጴዛ ላይ ግን ማን ይወጣል? ሰው ሲወጣ አንዱን እግሩን ያስቀድምና በሌላው መሬቱን ይገፋል፤ ግፊቱም ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ነው። እዚህ ላይ ነው ፍሬኑ የሚከዳው።

ርካሹን ጎማ ገልብጣችሁ እዩት። ጎማው በቀጥታ ከብሎኑ ሥር አይደለም፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ፈንጠር ብሏል። ስትጎትቱት ከኋላ የሚከተለውም ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ የሚይዘው መንከባለሉን ብቻ ነው፤ በብሎኑ ዙሪያ መሽከርከሩን አይነካውም። ስለዚህ ጎማው ወለሉን ነክሶ ቢቆም እንኳ ብሎኑ በጎማው ዙሪያ ይዞራል፤ መወጣጫውም ከነሰውየው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ጎትተን ስናመጣው ደግሞ አራቱም ጎማዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ ሌላውን አያግደውም። አንድ እግሯ አየር ላይ ላለ ሴት 6 ሳንቲ ሜትር ቀርቶ 2 ይበቃታል። ካላመናችሁ አራቱንም ፍሬን ረግጣችሁ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያንን ክብ፣ ባለሁለት ደረጃ መወጣጫ ያየ ያውቀዋል፦ በእግር ገፋ ሲያደርጉት ይንከባለላል፣ ሲወጡበት ቁጭ ይላል። ጎማዎቹ የተገጠሙት በሞላ ነው። ክብደት ሲያርፍባቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ መወጣጫው በላስቲክ ጠርዙ ወለሉን ይይዛል። ሰውየውን የሚሸከመው ጎማው አይደለም፤ ስለዚህ «ትልቅና ውድ ጎማ ግዛ» የሚላችሁን አትስሙት። ፍሬን መርገጥ ይረሳል፤ ክብደቱን ረስቶ የሚወጣ ሰው ግን የለም።

ቤት ውስጥ ሲሠራ ጎማው ከእግሮቹ ጫፍ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አልፎ ይውጣ። እግሮቹ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በቪት ይታሰር፤ የቪቱ ራስ ላስቲኩ ውስጥ መስጠም አለበት፣ አለዚያ ብረቱ ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል።

«ሞላው በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» ብዬ የተሳሳትኩትም እኔው ነኝ። ከአሮጌ ሞተር የወጡ የቫልቭ ሞላዎች ገጠምኩና የበሩን መቃን ይዤ ወጣሁበት። ጎማዎቹ ፈጽሞ አልገቡም፤ ከነነፍሴ ወደ ምድጃው ጉዞ ጀመርን። ሞላው ባዶውን መወጣጫ ካነሣ ሥራው አለቀ፤ ብዙ የተረፈ ጉልበት አያስፈልገውም። እኔ የምፈትነው በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ግማሹን ውኃ ሞልቼ አናቱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በዚያ 10 ኪሎ አራቱም እግሮች መሬት ካልነኩ ሞላውን እቀይራለሁ። ሰው ሁለተኛ እግሩን ከወለል ሳያነሣ መወጣጫው ቁጭ ማለት አለበታ!

የቀሩት ተረቶች ብዙ ጊዜ አይፈጁም። «ከባድ ከሆነ አይገለበጥም» ይላሉ፤ 60 ኪሎ ሰው ጠርዙን ሲረግጥ 8 ኪሎ እንጨት ምን ይመልሰዋል? እግሮቹ ከመርገጫው ወደ ውጭ ወጣ ብለው ይቁሙ። «ቺፑድም ይሆናል»፦ አይሆንም። ጠርዙ ቪት አይይዝም፣ የወጥ ቤት ውኃ ሲነካውም ያብጣል። «ባለሦስት እግር በርጩማ አይወላገድም» የሚሉት ግን ልክ ናቸው፤ ጎርባጣ የአፈር ወለል ላይ ባለአራቱ ሲንገዳገድ እሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሆኖም ጠርዙን ሲረግጡት ከባለአራቱ ቀድሞ የሚገለበጠውም እሱ ነው። ለመቀመጫ እንጂ ለመወጣጫ አልመርጠውም።

ዕድሜው ለገፋ ሰው ባለሞላም ቢሆን ጎማ ያለው ነገር ይሰጥ ወይ ብትሉኝ፣ እስካሁን ልቤ ሁለት ነው። ለአክስቴ ግን አዲሱን ሠርቼ ወሰድኩላት። ዞር ዞር አድርጋ አየችውና «ፍሬኑ የታለ?» አለችኝ። እንደሌለው ስነግራት ዝም አለች። ረከቦቱን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዳዋለች፤ መወጣጫዬን ደግሞ ቡና ስትቆላ ትቀመጥበታለች።