ዓሣን የሚያታልለው ቀለም የትኛው ነው?

በሰሜን አሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር የገባ ሰው ግድግዳውን የሞሉት ማባበያዎች ግራ ያጋቡታል። ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት ተሠርተው መንጠቆ የተገጠመላቸው እነዚህ አስመሳይ ዓሦች ብርማ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ አልፎ ተርፎም ሐምራዊ ቀለም አላቸው። "ብዙዎቹ የተቀቡት ዓሣውን ሳይሆን ገዢውን ለማጥመድ ነው" የሚለው የአጥማጆች ቀልድም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ይሁንና የቀለም ምርጫ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠይቃል፦ በዚህ ውኃ ውስጥ አዳኙ ዓሣ የሚበላው ምንድን ነው? የሚበላውንስ በምን ዓይነት ብርሃን ያየዋል? አምስቱ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ተለውጦባቸዋልና።

እንግዳው ታዳኝ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1990 በሴንት ክሌር ወንዝ ውስጥ ከዚያ በፊት በአካባቢው የማይታወቅ ትንሽ ዓሣ ተገኘ። "ራውንድ ጎቢ" የሚባለው ይህ ዓሣ የትውልድ ስፍራው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። ወደ ሐይቆቹ የደረሰው መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው ከሚይዙት ውኃ ጋር እንደሆነ ይታመናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአምስቱም ሐይቆች ታየ።

ጎቢ ብዙ ዓሦች በውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚጠቀሙበት የአየር ከረጢት የለውም። ስለዚህ ኑሮው በውኃው ወለል ላይ፣ በድንጋዮች መካከል ነው። ቀለሙም ከኑሮው ጋር የተስማማ ነው፤ ግራጫና ቡናማ መልክ ላይ ጠቆር ያሉ ዝንጉርጉር ምልክቶች፣ በፊተኛው የጀርባ ክንፉ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ነጥብ አለው። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ይጠቁራል።

"ስሞልማውዝ ባስ" የተባለው አዳኝ ዓሣ ይህን እንግዳ ቀለብ ለማድረግ ጊዜ አልወሰደበትም። አጥማጆችም ተከተሉት፤ ቡናማና የወይራ ፍሬ የመሰለ አረንጓዴ ቀለም ያላቸውን ለስላሳ ማባበያዎች በወለሉ ላይ በዝግታ መጎተት ጀመሩ። እዚህ ላይ ቀለም ብቻውን እንደማይበቃ ልብ ይሏል። ጎቢን የመሰለ ማባበያ በውኃው መሃል ቢዋኝ፣ ዓሣው ከለመደው ምግብ ጋር አይመሳሰልም።

በውኃው መሃል የሚጓዙት ዓሦች ሌላ መልክ አላቸው። በሚሺጋን ሐይቅ ሳልመን የሚያሳድደው "ኤልዋይፍ" ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ጎኑ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ነው። በ1966 ኮሆ ሳልመን ወደ ሐይቁ እንዲገባ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱም ከልክ በላይ የተራባውን ኤልዋይፍ እንዲቀንስ ነበር። በሁሮን ሐይቅ ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤልዋይፍ ቁጥር በእጅጉ ሲያሽቆለቁል፣ ቺኑክ ሳልመንም ተከትሎት ተመናመነ። ትናንት የሠራ ቀለም ዛሬ ላይሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃ ቀለምን ሲውጥ

በእጅ ላይ ሲታይ ደማቅ ቀይ የሆነ ማባበያ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ቀይ ሆኖ አይቀጥልም። ንጹሕ ውኃ ከብርሃን ቀለሞች ቀዩን አስቀድሞ ይውጣል፤ ሰማያዊው ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ስለዚህ ቀይ ማባበያ ጥቂት ሜትሮች ሲወርድ ወደ ግራጫነትና ጥቁርነት ያደላል። አልጌ በበዛበት ውኃ ደግሞ የተሻለ የሚጓዙት አረንጓዴና ቢጫ ናቸው።

የታላላቆቹ ሐይቆች ውኃ ራሱ ተለውጧል። በ1988 በሴንት ክሌር ሐይቅ የተገኘው "ዜብራ መስል"፣ ዝንጉርጉር ቅርፊት ያለው ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ አንዱ ብቻውን በቀን እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ውኃ ያጣራል። እርሱና ዘመዱ "ኳጋ መስል" በተስፋፉባቸው በርካታ ቦታዎች ውኃው ጠራ። በጠራ ውኃ ዓሣ ማባበያውን ከሩቅ አይቶ ይመረምረዋል፤ በዚያም የተፈጥሮን መልክ የጠበቁ፣ ደብዘዝ ያሉ ቀለሞች ይመረጣሉ።

በደፈረሰ ውኃ ነገሩ ይገለበጣል። "ፋየርታይገር" የተባለው ታዋቂ ቀለም ለዚህ ምሳሌ ነው፤ አረንጓዴ ጀርባ፣ ቢጫ ጎን፣ ጥቁር ሽንትሮችና ብርቱካናማ ሆድ አለው። እንዲህ የሚያንጸባርቅ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ የለም። ነገር ግን የ"ቢጫ ፐርች"ን መልክ፣ ማለትም ቢጫ ገላውን፣ ጥቁር ሽንትሮቹንና ብርቱካናማ ክንፎቹን አጋንኖ ያሳያል። ብርሃን ባነሰበት ስፍራ የሚታየው ዝርዝሩ ሳይሆን የቀለማቱ ንጽጽር ነውና።

የዓሣው ዓይን

ዓሣ እንደ ሰው አያይም። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች "ላርጅማውዝ ባስ" የተባለውን ዓሣ ቀለም እንዲለይ አሠልጥነው ነበር። ዓሦቹ ቀይንና አረንጓዴን በደንብ ሲለዩ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ደማቅ አረንጓዴ ከነጭ፣ ሰማያዊን ደግሞ ከጥቁር ጋር አምታተዋል። ለአጥማጁ በግልጽ የሚለያዩ ሁለት ማባበያዎች ለዓሣው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

"ዎልአይ" የተባለው ዓሣ ደግሞ በዓይኑ ውስጥ እንደ ድመት ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በማታ በሚገባ ያድናል። በጨለማ ከታች ወደ ላይ የሚመለከት አዳኝ የሚያየው ጥላ ነው፤ ጥቁር ማባበያ ለሌሊት የሚመረጠውም ጥላው ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ከማጥመድ በላይ

ማስመሰል ሌላም ጥቅም አለው። በሚሺጋን ግዛትና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ጎቢን በሕይወት ይዞ መገኘት በሕግ የተከለከለ ነው። በባልዲ የተረፈ የቀጥታ ዓሣ ወደ ሌላ ሐይቅ ቢደፋ፣ እዚያ ያልነበረ ወራሪ ሊዛመት ይችላል። ጎቢን የመሰለ ፕላስቲክ ግን አይራባም።

መርሁ በነዚህ ሐይቆች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን የሚመገቡ አዳኞች ናቸው። በዚያ ዓሣ የሚሰገረው በአብዛኛው በመረብ ቢሆንም፣ ወንዞች በሚያመጡት ደለል በሚደፈርስ ውኃ ውስጥ ትንንሽ ዓሦችን ማየት ለአዳኞቹ የዕለት ፈተና ነው።

ለጀማሪ አጥማጅ የሚጠቅመው ሥርዓት ቀላል ነው። መጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድና የቦታውን ደንብ ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ በዳርቻው የሚዋኙትን ትንንሽ ዓሦች ማስተዋል፤ ለምግብ የተያዘ ዓሣ ሲታረድም ሆዱ ውስጥ ያለውን መመልከት። የማባበያውን መጠንና የሚዋኝበትን ጥልቀት በዚያ መሠረት ከወሰኑ በኋላ፣ በጠራ ውኃ የታዳኙን መልክ፣ በደፈረሰ ውኃ ጎላ ያለ ንጽጽር፣ በሌሊት ጥቁር መሞከር ይቻላል። ከመደብሩ ግድግዳ በፊት መታየት ያለበት ሐይቁ ነው።