ስፖርት የሚያስተወን ምንድን ነው?

«ስፖርት ለጤና» የሚለውን ያልሰማ የለም። ታዲያ ለምን አንሠራም? የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ ይህን አላሟሉም፤ ከሴቶች 34፣ ከወንዶች 29 በመቶ መሆኑ ነው።

አንዱ ምክንያት ሥነ ልቦናዊ ነው። ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ «እችላለሁ» ብሎ ያላመነ ሰው አይጀምርም፤ ቢጀምርም ቶሎ ይተወዋል። ይህ እምነት የሚገነባው ራስ በመሞከር፣ መሰሎቻችን ሲችሉ በማየትና በማበረታቻ ነው።

ሁለተኛው ማኅበራዊ ነው። በወጣትነት ኳስ የምንጫወተው ጓደኛ ስላለን ነው፤ ሥራና ትዳር ሲመጣ ቡድኑ ይበተናል። እናቴን «እስቲ ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ ሩጪ» ስላት፣ «በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል!» ትለኛለች። እግሯ ደህና ነው፤ የያዛት ይሉኝታ ነው።

ሰው ግን ያበረታታልም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው የሚወጣው ለማሸነፍ ሳይሆን ከሌላው ጋር ለመሮጥ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንን «ሥሩ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ አብረናቸው እንውጣ። እኛም ከተመረቅን በኋላ የኳስ ቡድናችንን አንበትን።