ዳኛውና ባለጉዳዩ አንድ ሲሆኑ

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ ለሚያቀና ሰው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችን፣ የሟቾችን ልብስና ፎቶግራፍ ይዟል። ለጉዳይ ወደ ከተማ የሚመጣ የገበሬ ማኅበር መሪ ጊዜ ካገኘ ጎራ ቢል አይቆጭም። እዚያ የሚታየው የፍርድ መጥፋት ከገጠሩም ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውና።

እንደሚታወቀው ከ1966 ዓ.ም. በፊት ጭሰኛው ፍርድን የሚያውቀው በባለመሬቱ በኩል ነበር። ከጣሊያን መውጣት በኋላ የተሾሙት የአጥቢያ ዳኞች በአብዛኛው ከባለመሬቱ ወገን ነበሩ። በሬዬ ተሰረቀ፣ ተደበደብኩ ብሎ የሚከስ ገበሬ ከፊቱ ተቀምጦ የሚያገኘው የጌታውን ዘመድ ነበር። ይግባኝ ልበል ቢል ለማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለስንቅና ለማደሪያ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ቀጠሮውም በዘር ወይም በአጨዳ ወራት ይውልበታል። ባለጸጋው ግን ነገረ ፈጅ ወክሎ ቤቱ ይቀመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልተለመደም። ስለዚህ አንዳንዱ በደሉን ይዞ ዝም ሲል፣ ሌላው በገዛ እጁ ይበቀልና ደም ይቃባ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በገበሬ ማኅበራት ውስጥ የመሬት ክርክር የሚያይ የፍርድ ሸንጎ እንዲቋቋም ደነገገ። ዳኛው ገበሬው ራሱ የመረጠው ጎረቤቱ ሆነ። ይህም ቀላል ለውጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጎረቤትም ሥልጣን ሲይዝ ይፈተናል። የሊቀመንበሩ ወንድም ከብቶች የሌላውን ማሳ ቢያጠፉ ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ለሌሎች ትቶ ዳር ይቀመጣል ወይ? ዛሬም በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሕዝቡ አስቀድሞ የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

አዋጁን ያወጣው ደርግ ግን ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኖ ነበር። ከእነርሱም መካከል የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። በወቅቱ መርማሪ ኮሚሽኑ የባለሥልጣናቱን ጉዳይ ገና እየመረመረ ነበር። ሕዝቡ የትናንቶቹ ሹማምንት ማስረጃ ሲቀርብባቸውና ሲከራከሩ ማየት ሲገባው ሞታቸውን ብቻ ሰማ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚሁ አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበሩ። በዚያ ዘመን የታጠቀ ሁሉ ከሳሽም ዳኛም ሆነ፤ የግል ቂሙን «እርምጃ» ብሎ የተወጣም ብዙ ነበር።

የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥፋተኝነታቸው የተወሰነው ከ12 ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ረጅም ቢሆንም ማስረጃ የተሰማበት፣ ተከሳሾቹም የተከራከሩበት ነበር። ዋናው ተከሳሽ ግን ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ዚምባብዌ ገብተዋል፤ በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣት ሲወስን በሌሉበት ነበር። ሌሎች ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣናት ደግሞ በዚህችው አዲስ አበባ በኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠልለው 29 ዓመት ኖሩ። በአመክሮ የተለቀቁት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። በየአውራጃው ትእዛዝ የፈጸሙት አነስተኛ ሹሞች ግን በወህኒ ቤት ዓመታት ቆጥረዋል።